ትንንሽ ፎቶዎችን በቤት ውስጥ በቁጠባ አትሞ ለኮላዥ ስለማዋል የወጣ አዋጅ ቁጥር 3 በ 4

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማ ይስማ፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ!

የክርስትና፣ የሠርግና የምረቃ ፎቶዎች በስልክ ሆድ ውስጥ ታጭቀው ስልኩ በተሰረቀ ወይም ውኃ በገባው ቁጥር ያለ ለቀስተኛ የሚቀበሩ መሆናቸውን በመገንዘብ፤

ኮላዥን፣ ማለትም ልዩ ልዩ ቁርጥራጮችን በአንድ ገጽ ላይ አጣብቆ አዲስ ምስል የመፍጠርን ጥበብ፣ ፒካሶና ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. ወደ ዘመናዊ ሥዕል ቢያስገቡትም፣ ሃያ ሠላሳ ጉርድ ፎቶ በአንድ መስታወት ሥር ደርድሮ ሳሎን የሰቀለ ቤት ሁሉ የሁለቱንም ስም ሳይሰማ ያንኑ ሥራ ሲሠራ የኖረ መሆኑን በማስታወስ፤

አንዲት ክብሪት ቀፎ የምታህል ፎቶ በሙሉ ወረቀት ላይ አትሞ ዙሪያውን ለቅርጫት መገበር እንዲቀር ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ፒክሰል» ማለት ዲጂታል ፎቶ የሚገነባባት እጅግ ትንሿ ባለቀለም ነጥብ ስትሆን፣ «ቀለም አልቋል» ማለት ደግሞ ጥቁሩ ሞልቶ ሳለ ቢጫው ብቻ በማለቁ አንዳንዱ ፕሪንተር ሥራ ማቆሙን የሚያስታውቅበት የአቋም መግለጫ ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ አደራደር

ማንኛውም አታሚ የኅትመት ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ፎቶዎቹን በዎርድም ሆነ በሌላ ፕሮግራም በአንድ ኤ4 ገጽ ላይ ደርድሮ የመጨረስ ግዴታ አለበት፤ ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይህ ወረቀት በየዳርቻው አንድ ሴንቲ ሜትር ተትቶለት፣ በፎቶዎቹ መካከልም የሁለት ሚሊ ሜትር የመቀስ መንገድ ተከፍቶለት፣ ባለ 3 በ 4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ ስድስት በስድስት ሲደረደርበት 36 ምስል ስለሚይዝ፣ ቁጠባው ርካሽ ቀለም ፍለጋ ከመንከራተት ይልቅ ከዚሁ ድርደራ የሚገኝ መሆኑ በሕግ ተረጋግጧል። ለጥራት ሲባል የሚሰማው ጭንቀትም እንዲረግብ ተወስኗል፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚለው የተለመደ መለኪያ ለዚህ መጠን የሚያስፈልገው 354 በ 472 ፒክሰል ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በቴሌግራም ተልኮ የተጨመቀ ፎቶ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከአርባ ሠርገኛ መካከል የአክስቱን ፊት ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ግን አክስቱን ሳይሆን የነጥብ ክምር እንደሚያትም አስቀድሞ ይወቀው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ኮላና ቀለም

ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመ ፎቶ፣ ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ዓይነት ሲሆን፣ እርጥብ ኮላ በነካው ጊዜ ስለሚፈስና የሙሽራዋን ነጭ ቬሎ ከሙሽራው ሰማያዊ ከረባት ጋር ስለሚያዳራ፣ ሌሊቱን ሲደርቅ አድሮ በደረቅ ስቲክ ማጣበቂያ እንዲለጠፍ ታዟል። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር በአንጻሩ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ቀልጦ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት በመሆኑ ኮላ አይደፍረውም፤ ነገር ግን ለፈሳሽ ቀለም የተሠራውን አብረቅራቂ የፎቶ ወረቀት በሌዘር ማሳለፍ፣ ሽፋኑ ቀልጦ ማሽኑ ውስጥ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ተራ ወረቀት ኮላ ሲነካው ስለሚጨማደድ ከ120 እስከ 160 ግራም ያለው ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የወፈረው ሲደራረብ ያብጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

አንቀጽ 4፦ የተከለከሉ ድርጊቶች

የመሥሪያ ቤትን ፕሪንተር «አስቸኳይ ሪፖርት» በሚል ሽፋን ለልጅ ልደት ማዋል ያስጠይቃል። የአያትን ብቸኛ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስካን ሳያደርግ በመቀስ የነካ ግን ይቅርታ የማይሰጠው ሲሆን፣ በቤተ ዘመድ ጉባኤ ፊት ቆሞ መልስ ይሰጣል።

አንቀጽ 5፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ፕሪንተሩ «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚለው ምርጫ ፎቶዎቹን በራሱ ሥልጣን የማሳነስ ልማድ ስላለው፣ ይህ አዋጅ የኅትመቱ መጠን 100 በመቶ ተደርጎ፣ የመጀመሪያው ገጽ በተራ ወረቀት ላይ ለሙከራ ታትሞና በማስመሪያ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ፎቶ 3 በ 4 ሆኖ ከተገኘበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።