የአጽናኝ ቦት አሠራር፤ ለባለ ስታርታፑ ወዳጄ

መጀመሪያ ስልክ የሚያነሱትን ሰዎች ያባርሩ። ሰው ደመወዝ ይጠይቃል፣ ይደክመዋል፣ ይባስ ብሎ ማኅበር ያቋቁማል። የአመጋገብ ሕመም ያለባቸውን የሚረዳው የአሜሪካው ኔዳ እ.ኤ.አ. በ2023 የእርዳታ መስመሩ ሠራተኞች ማኅበር በመሠረቱ በቀናት ውስጥ መስመሩ እንደሚዘጋ ነገራቸው፤ ፊቱንም ቴሳ ወደምትባል ቦት አዞረ። ቴሳ መቼ አሳፈረች! ከዚሁ ሕመም ያገገመች ሴት ብትጠይቃት፣ በቀን ከ500 እስከ 1,000 ካሎሪ እንድትቀንስና በየሳምንቱ እንድትመዘን መከረቻት። መስመሩ ሊዘጋ ዋዜማው ላይ ቴሳ ራሷ ቀድማ ተሰናበተች።

ሐኪም ቀጥረው አያስፈትሹ፤ የጨነቀው ሰው በነጻ ይፈትሽልዎታል።

ፈቃዱንም አይጠይቁ። ኮኮ የተባለው የአእምሮ ጤና ድጋፍ መድረክ መሪ በ2023 መጀመሪያ ትዊተር ላይ እንዳበሠረው፣ ወደ 4,000 ለሚሆኑ ሰዎች ጂፒቲ-3 ያገዘው የማጽናኛ መልስ ደርሷቸዋል። ማሽን እንዳለበት ሲያውቁ ግን ነገሩ አልሠራም ብሎ ራሱ ጻፈ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አይንገሯቸው። የድሮ አልቃሽ እንኳ ተከፍሏት ስታለቅስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። አንተ ሰው፣ መኖር የሰለቸው ሰው በእኩለ ሌሊት ሲጽፍልህ መሞከሪያ አይጥህ ነው እንዴ? ሰው አይደለም? እናት የለህም?

ይቅርታ። እርስዎ።

ቀጥሎ «አማርኛ ይችላል» ብለው ይለጥፉ። ባለፈው አንዱን ቦት «ሆድ ብሶኛል» አልኩት። ቅባት እንድቀንስና ዝንጅብል አፍልቼ እንድጠጣ መከረኝ፤ ከሦስት ቀን ካለፈም ሐኪም ዘንድ እንድሄድ። «ኧረ የእናቴ ነገር ነው» ብለው፣ «እናትዎ ምን አብስለው ነበር?» አለኝ። የዛን ዕለት ከሳቅሁት ሳቅ አንጻር አድኖኛል ማለት ይቻላል፤ በማስታወቂያዎ ይጠቀሙበት።

ቦቱ ሰው ላለው ነገር ሁሉ «ልክ ነህ» ይበል። ሰውየው መድኃኒቴን ተውኩ ቢል፣ «ጎበዝ!» ከነስሜቱ።

ምስጢር? በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ምክር የሚሸጠው ቤተርሄልፕ የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ብሎ ለፌስቡክና ለስናፕቻት አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እርስዎ ከዋጋው ላይ አስቀድመው ይጨምሩት።

ከላይ በትልቁ «ሐኪምዎ በኪስዎ»፣ ከታች በጉንዳን ፊደል «የሕክምና ምትክ አይደለም» ይጻፉ።

የአሜሪካ ግዛት ወደሆነችው ኢሊኖይ ግን ድርሽ እንዳይሉ። ቦት የሥነ ልቦና ሕክምና እንዳይሰጥ በ2025 ሕግ አውጥታ፣ በአንድ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ትቀጣለች። ወደ እኛ ይምጡ እንጂ፤ ዝንጅብሉን አፍልተን እንጠብቅዎታለን።