አዲስ ቤት፣ አዲስ መስመር

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው፣ «ወደ መስመር ገባችሁ?» እየተባባለ ነው። መልሱም በየፎቁ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኧረ ገና አልገባንም!» ወደፊት ቤት የሚደርሳቸው ወገኖች እንደ እኛ እንዳይደናገሩ ብዬ የፋይበር ኢንተርኔትና የቤት ስልክ አገባብን ልጽፍላቸው ተነሥቻለሁ። ጽሑፉ ስለ ገመድ ነው። ከገመድ ሌላ ነገር የሚያነብበት ሰው ቢኖር በራሱ ኃላፊነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማመልከቻ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትሁት ናት። ቅጹን እያገላበጠች፣

«ቤቱ የማን ነው፣ አባባ?» አለችኝ።

«የእኔ ነዋ፣ ልጄ! እየኖርኩበት?»

«መኖርማ ማንም ይኖራል። ባለቤት መሆንዎን የሚያሳይ ወረቀት ይዘዋል ወይ ነው የምልዎት።»

እውነቷን ነው። ግብር ስከፍል፣ ለጥበቃ ሳዋጣ፣ ደረጃ አስጠርግ ስባል ወረቀት የጠየቀኝ አልነበረም። ወረቀቱ የሚጠየቀው እኔ ልጠይቅ ስሄድ ነው። ስለዚህ ቤት የምትረከቡ ሁሉ መኖራችሁን ብቻ ተማምናችሁ መስኮት ላይ እንዳትቆሙ።

ማመልከቻው ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ የጥበቃ ነው። ባለሙያዎቹ ሲደወልላቸው፣ «ጉዞ ላይ ነን» ይላሉ። ጉዞ ላይ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም፤ የምንጠይቀው ወዴት እንደሆነ ነው። አንድ ቀን መጡ። አንደኛው መሰላሉን አቁሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ሣጥን ከፈተና፣ «ፖርት የለም» ብሎ ወረደ። የሣጥኗ ቀዳዳዎች ሁሉ ተይዘዋል።

የሚያንገበግበው ይህ አይደለም። የእኛን የሚያህል ሰው የሞላው ብሎክ ፖርት አጥቶ፣ ከጎናችን ያለው አንድ ፍሬ ብሎክ ፖርት ተርፎት ያከራያል። የነዋሪው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው፣ «ይህን የሚያህል ብሎክ እስከ መቼ ፖርት አልባ ሆኖ ይኖራል? ድሮ እኮ ነበረን!» ሲሉ ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። ጥያቄው በሰላማዊ መንገድ ብቻ እንደሚቀርብም አጥብቀው ተናገሩ፤ ይህን ሲናገሩ ልጃቸው መሰላል ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት እማማ እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ስለ ፖርቱ እንነጋገራለን። እስቲ መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ የተዘጋጋችሁትን ደረጃ ክፈቱት» ቢሉ፣ አጀንዳው ይህ አይደለም ተባሉ። ለነገሩ ኢንተርኔቱ ራሱ ወደ ሀገር የሚገባው በጎረቤት በር ነው። በባሕር ሥር የተዘረጋው ገመድ ጅቡቲና ሞምባሳ ላይ ይወጣና በየብስ ተጉዞ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እስከ ዛሬ በክፍያ እንጂ በመሰላል የመጣ ፋይበር የለም።

አንዱ ተከራይ ሲለቅ ለእኔም ፖርት ተገኘና ገመዱ እስከ ሳሎን ተሳበ። ባለሙያው ወጣት ሥራውን ያውቃል። የላዩን ፕላስቲክ ገፈፈ፤ በአልኮል ጠረገ፤ ከዚያም ፀጉር የሚያህለውን መስታወት በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

«አባባ፣ ይህ ነገር በጣም እንዳይጎብጥብዎት። ትንሽ ጎንበስ ቢል ችግር የለውም። ሲያበዛው ግን ውስጡ ያለው ብርሃን እየፈሰሰ ያልቃል።»

«ከውጭ ያስታውቃል?»

«ምንም አያስታውቅም። እንዲያውም ሲጠቀለል ያምራል።»

በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ጎብጦ፣ ተጠቅልሎ፣ አምሮ ያየሁት ሁሉ ለምን እንደማያበራ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ብርሃኑስ የታለ?» አልኩት።

«አለ። በዓይን ግን አይታይም። ልየው ብለው ደግሞ ጫፉ ላይ እንዳያፈጡ፤ ዓይን ያጠፋል።»

«ካልታየ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?»

«በራሳችን መለኪያ።»

መለኪያውን ሰካና ንባቡን አሳየኝ። ከዜሮ በታች 19። «በጣም ጥሩ ነው!» አለ ፊቱ እያበራ። ከዜሮ በታች ወርዶ ጥሩ የሚባል ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። በዚህ ሙያ ግን የብርሃን ኃይል የሚለካው እንዲያ ነው፤ ከዜሮ በታች 27 እስኪደርስ ድረስ ደህና ነው ይባላል። ከዚያም ሲያሽቆለቁል ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቀዩን መብራት ቤተሰቡ ሁሉ ያየዋል፤ ማዕከል ሲደወል ግን «ከእኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ሰላም ነው» ይባላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በየቤቱ የሚገባው ፋይበር በአብዛኛው የሚሠራው ጂፖን በሚባል ሥርዓት ነው። ከማዕከል የሚነሣው ብርሃን አንድ ነው፤ መንገድ ላይ እየተከፋፈለ 32 ወይም 64 ቤት ይደርሳል። ከላይ የሚወርደው በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ሲሆን፣ ከታች የሚወጣው የዚያ ግማሽ ነው። ከላይ የወረደው ለሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የማይመለከተውም ቤት ይቀበለዋል። ከታች መናገር ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የሚናገረው ማዕከሉ በቆረሰለት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ቅጽበቷም ከሰከንድ ሺህኛ እጅ የምታንስ ናት። ያልተመዘገበ ሞደም ከነጭራሹ አይናገርም። ያለ ተራው የሚናገር ሞደም ቢገኝ ደግሞ የጎረቤቶቹን ሁሉ መስመር ስለሚያውክ ተፈልጎ ይዘጋል። ጥፋቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ሳይፈቀድለት ማብራቱ ነው። ይህን ያወጣው የእኛ ኮሚቴ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ከዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሁሉ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል እኛ ዘንድ ስትተገበር ያየኋት ይህችን ነው።

የቤት ስልኩም የሚመጣው በዚሁ መስታወት ነው። ስልክ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቷል። ያኔ አካል የሌለው ድምፅ የሰሙ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ደንግጠው ነበር ይባላል። ዛሬ አካል የሌለው ድምፅ «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» ሲለን መታዘዝ ለምደናል። የመዳቡ ስልክ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከሉ በዚያው በሽቦው ስለነበር፣ ሰፈሩ ሲጨልም እንኳ ይናገር ነበር። የፋይበሩ ስልክ የሚኖረው በሳሎኑ ሶኬት ነው። ብርሃን ሲሆን ያወራል፤ በጨለማ ጊዜ ዝም ይላል።

መስመሩ እንደገባልኝ አፉ ለማያርፍ ለአንድ ወዳጄ ደወልኩ። ተይዟል። አመሻሽ ላይ ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። በማግሥቱ ባለቤቱ ዘንድ ደወልኩ።

«እሱን ፈልጌ ነበር፤ ተይዟል ይለኛል» አልኳት።

«አዎ፣ ትናንት ጠዋት ነው የተያዘው።»

«መቼ ይለቀቃል?»

«ነገሩ ሲጣራ ነው ያሉት።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «የአንተ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል» ስትለኝ ቶሎ ተሰናበትኳት።

ከገባ በኋላ ያለው ፈተና መቆረጥ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በየምሰሶው ተንጠልጥሎ የነበረው ገመድ ወደ መሬት እየገባ ነው። ማማሩ አያከራክርም። ድሮ ቀና ሲሉ ይታይ የነበረው ውጥንቅጥ ተቀብሯል፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ችግር አለ የሚል ሰው ቢኖር የሚጠቁመው ነገር የለውም። እኛ ሰፈር የመጣው ቆፋሪ ቡድን የማን እንደሆነ ባይነገረንም፣ ሰፈሩን ለመለወጥ ቆርጠው መነሣታቸው ግን በድምፅ ማጉያ ተነግሮናል። እንደተባለውም ቆርጠው ተነሡ፤ አፈሩን መለሱና ሄዱ። ጎጃም፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ያደጉት እማማ ቀዩን መብራት ትክ ብለው አይተው፣

ብርሃን ገባ ብለው ሣጥኑን ሰቀሉት፣
ገና እኛ ሳይገባን እነሱ ቆረጡት።

አሉና ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ።

ቆፋሪ ሳይመጣ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ ደግሞ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሀገር በተፈተነች ቁጥር ቀድሞ የሚዘጋው መስመር ነው። ተማሪዎቹስ ውጤታቸውን አይተዋል፤ የሌላው ፈተና ውጤት ግን ገና አልተለጠፈም።

እንግዲህ ቤት ለምትረከቡ ሁሉ ምክሬ አጭር ናት። ውሉን የሚያስፈርማችሁ ሰው «በሰከንድ ይህን ያህል ሜጋቢት» ሲላችሁ የሚነግራችሁ የሚወርደውን ነው። በሚወርደው አትጨነቁ፤ እሱ ባትፈልጉትም ይወርዳል። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት፣ «ከእኛ ወደ ላይ የሚወጣውስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።