ፍቅር በዝግታ

የዘንድሮ ልብ ወለድ ጀግና ገጽ 3 ላይ ማኪያቶ ያዝዛል፤ ገጽ 4 ላይ «የኔ ፍቅር» ይላል፤ ገጽ 5 ላይ ደራሲው የሚጽፈው ሲያልቅበት መኪና ያስገጨዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ምን ነክቷቸው ነው? በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የሰብለ ወንጌል አስተማሪ አድርገው አስቀጠሩት። ከዚያ ይማራሉ፣ ያፍራሉ፣ ይተያያሉ፤ እኛ በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች ስንንጠለጠል እሳቸው አይቸኩሉም። ልጅቷ ከቤት ጠፍታ ፍለጋ ወጥታ ስትደርስበት እሱ ያጣጥራል። (ዛሬ ቢሆን «ሎኬሽን ላክልኝ» ብላው ባለቀ!)

ውለታው የሰብለ ወንጌል አባት የፊታውራሪ መሸሻ ነው። ዘር ባይቆጥሩ ኖሮ መጽሐፉ ሠላሳ ገጽም ባልሞላ። የዛሬ ደራሲ ግን አባትየውን ገና መግቢያው ላይ ይገድላቸዋል፤ አንባቢ እንዳይሰለች።