«አልነካሁትም»፦ ስለ ብረት ያዦች አጭር ጥናት

የግልገል በለስ ከተማ ቆላ ናት፤ በግቢያችን ብረት የሚገፋው ፀሐዩ ሳይበረታ በማለዳ ነው። መሣሪያው የታወቀ ነው፦ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ በሁለቱም ጫፍ ሲሚንቶና ጠጠር የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ። ባለ 4 ሊትሩ ቆርቆሮ ሲሞላ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱ ጎን እኩል ነው ብሎ የሚምል ግን የለም።

የፋብሪካ ብረት ዲስኩ ካልታሰረ፣ የተጨነቀ ሰው ወደ ጎን አዘንብሎ አራግፎት ይተርፋል። እዚህ ሲሚንቶና ቧንቧ ተጋብተዋል፤ ፍቺ የለም። ስለዚህ ደረት ለሚሠራ ሰው በራስጌው የሚቆም ያዥ የግድ ያስፈልገዋል።

ያዦች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ስልክ ጎርጓሪ ነው። ስለ ብረቱ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ እኛም ስለ እሱ የምንለው የለንም።

ሁለተኛው ቸኳይ ነው። ብረቱ ገና ሲንቀጠቀጥ ይነጥቃል፤ «ልገፋው ነበር እኮ!» ተብሎ ይወቀሳል።

ሦስተኛው «አልነካሁትም» ይባላል፤ ይህ ሰፊ ምርምር ይሻል። በሥሩ ሦስት ንዑስ ዘሮች አሉ።

ሀ) ባለ ሁለት ጣት፦ ከቧንቧው ሥር ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል፤ ጣቶቹ ግን ደም መስለዋል።

ለ) ባለ ሙሉ መዳፍ፦ ጎንበስ ብሎ በጀርባው እየሳበ «ያንተ ነው! በለው! እኔ የለሁበትም!» ይላል። የአንገቱ ሥር ግን ሌላ ይመሰክራል። የተኛው ደረት ይሠራል፣ የቆመው ጀርባ ይሠራል።

ሐ) ፊት አዟሪ፦ እጁ የሚሠራውን ዓይኑ እንዳያይ ወደ አጥሩ ይመለከታል።

ሦስቱም በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦

«ነካኸው እንዴ?»

«እናቴ ትሙት አልነካሁትም!»

ልጁም አምኖ በማግስቱ ወደ ትልቁ ቆርቆሮ ይሸጋገራል። ከጥቂት ወራት በኋላ በግቢው ሰፊው ጀርባ የያዡ መሆኑ ማንንም አያስገርምም። በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ደንብ በመድረኩ ላይ ያዦች ከ2 አያንሱም፣ ከ5 አይበልጡም፤ አንዳቸው በሙከራው መሐል ብረቱን ከነካ ያ ሙከራ አይያዝም። ደንቡ እዚህ ቢሠራበት የግቢው መዝገብ ባዶ በቀረ።

አራተኛ ምድብ ልናክል ስንል ከአጥሩ ባሻገር አንዲት የጉሙዝ እናት አለፉ። በአንድ እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው፣ በአንድ ትከሻ አመጣጥነው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ያዥ የላቸውም፤ «በለው!» የሚልላቸውም የለም። ክፍፍላችን ለእሳቸው ቦታ ስለሌለው ጥናቱ እዚህ ላይ ተቋርጧል። ደግሞም ከቧንቧው ሥር የቀረው ልጅ «ኧረ ያዙልኝ!» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።