ለአይጥ የተቀጠረችው ውሮ

ድመት እኛ ቤት የገባችው በቅጥር ነው። አይጥ የጤፉን ጆንያ ቀዳደደው፤ መርዝ እንዳናስቀምጥ ለልጆቹ ፈራን፤ ወጥመዱም ከአይጥ ይልቅ የኔን አውራ ጣት ወደደ። በመጨረሻ አንዲት ግራጫ ግልገል ከሰፈራችን ባለሱቅ ተለምና በብስኩት ካርቶን መጣች። ለስሟ ማንም አልተጨነቀም፤ ውሮ ተባለች። የሥራ መደብ፦ አይጥ አጥፊ። ደመወዝ፦ የእራት ትራፊ። አይጧ ግን የድመት ጠረን ሲሸታት በገዛ ፈቃዷ ሰፈር ቀየረች። ውሮም ሥራው ሳይጀመር ማለቁን አይታ ወደ ልጅነት ዞረች።

ቡና ሲፈላ ብታዩአት! ቄጠማው ሲጎዘጎዝ ሶፋ ሥር ሆዷን ከወለሉ አጣብቃ ታደባለች፤ ዳሌዋን ወዲህ ወዲያ ታወዛውዝና ተወንጭፋ አንዲት ቅጠል ላይ ትከመራለች። ቅጠሏ ምን እንደበደለቻት እግዜር ይወቅ። ፈንዲሻ ሲጣልላት አትበላም፤ በመዳፏ ታንከባልለዋለች፤ ራሷ አቀባይ፣ ራሷ ተቀባይ። ፈንዲሻው ፍሪጅ ሥር ሲገባ ጨዋታው ይቋረጥና «አውጡልኝ» እያለች ትጮኻለች። የሲኒው አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። ረከቦቱ ዳር ትቀመጣለች፣ ዐይን ዐይናችንን እያየች ገፋ ታደርገዋለች፣ ቆም ትላለች፣ «ተይ!» ስትባል አሁንም ገፋ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ትንሿ ልጄ ማንኪያ ከጠረጴዛ ላይ ስትጥል እንዲሁ ነበር የምታየኝ፤ ማንኪያው እንደሚወድቅ ታውቃለች፣ ማወቅ የፈለገችው እኔ ምን እንደምል ነው።

በዚህ መሀል እናቴ ለዐይኗ ሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጣች። ውሮ ሶፋው ላይ ተንጋላ ስታገኛት አማተበች። «ድመት ጎተራ ትጠብቃለች እንጂ ትራስ ትንተራሳለች? ምን ጉድ ነው!»

በታሪክ ከሄድን ፍርዱ ለእናቴ ነው። ድመትንና ሰውን ያገናኛቸው ጎተራ ነው፤ ሰው እህል ማከማቸት ጀመረ፣ እህሉ አይጥ ጠራ፣ አይጧን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። የዚያች የዱር ድመት ዘር በኛም አገር ዛሬም አለ። ሹመቱ ግን ቶሎ የመጣ ይመስላል፤ ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ለአይጥ አጥፊ ማን እንዲህ ያለ ክብር ይሰጣል? ይህን ለእናቴ ብነግራት «የቆጵሮስ ሰው ሥራ አልነበረውም» ብላ እንዝርቷን አነሳች።

ጣጣው የመጣው በእንዝርቱ ነው። እንዝርቱ መሾር ሲጀምር ውሮ ከየት መጣች ሳይባል ተወርውራ ትይዘዋለች። እናቴ ትሰድባታለች። ውሮ ስድቡ እስኪያልቅ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ትጠብቃለች፤ እንዝርቱ ይሾራል፣ እንደገና ትወረወራለች። አንድ ከሰዓት ከወጥ ቤት ብቅ ስል እናቴ ጥጥ የሌለበት እንዝርት ታሾራለች። ምንም አላልኩም።

ድመት አስተዋይ ናት አይደለችም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት የተራቡ ድመቶችን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ምግቡን ውጭ አስቀመጠላቸው። ሲፍጨረጨሩ መዝጊያው በአጋጣሚ ተከፈተ፤ ደጋግመው ሲሞክሩም ፍጥነታቸው እየጨመረ ሄደ። አስበው ሳይሆን ሞክረው ነው የሚማሩት አለ። ይሁን። ውሮም የወጥ ቤታችንን በር እጀታ ላይ ተንጠልጥላ መክፈት የተማረችው እንደዚያው ነው። በሩን ከፍታ ገብታ ሰው ሲደርስባት ግን፣ ፊቷን እየታጠበች «እኔም ክፍት አገኘሁት» የሚል መልክ ታሳያለች። ይህን ከየትኛው ሣጥን ተማረችው?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ብዙም ሚያው አይባባሉም። ሚያው ግልገል እናቱን የሚጠራበት ነው፤ አድገው የሚጮኹት ለኛ ነው። ውሮ የእናቴ ጋቢ ላይ ተኝታ በመዳፎቿ ስትረግጠው፣ ያም ግልገል ወተት እንዲወርድለት የእናቱን ጡት የሚያሽበት ነው። ጉሮሮዋን ኩርርር ስታደርግ እናቴ «ዳዊት እየደገመች ነው» ትላለች። በዳዊቱ መሀል ግን ልመና አለ፤ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ድመት ምግብ ስትፈልግ ኩርርሩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ትሸሽግበታለች። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ድምፅ እንዴት ሰምታ ትተኛለች? ገና ሳይነጋ የወተት ጣሳው ሲንኳኳ እንሰማ ነበር። «አይጥ የምትይዝበት ጉልበት ያስፈልጋታል» ትላለች ስትጠየቅ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቤታችን ለ55 ቀን ሥጋም ወተትም የለም። ውሮ የሽሮውን ድስት አሽትታ፣ እኛንም አዝና አይታ፣ ደረጃውን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። እዚያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሮ ደግሞ የማን ሥጋ የማን ነው የሚባለውን ወግ አታውቅም። እነሱ ቤት ስሟ ሚሚ መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ድመት ስሟን ከሌላ ቃል ለይታ እንደምታውቅ አረጋግጠዋል፤ አብዛኞቹ ግን ጆሮ ወይም ራስ ከማዞር አልፈው ተነስተው አልመጡም። ውሮ በሁለት ስም ትጠራለች፤ በሁለቱም አትመጣም።

የፋሲካ ለት ዶሮው ሲንተከተክ ማንም ሳይጠራት ወርዳ ምድጃው ሥር ተሰየመች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤታችን ናት።

«እንኳን አደረሳችሁ እማማ። ሚሚ እናንተ ጋ አለች?»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች በሩን በሰፊ ቀሚሷ ሞላችው።

«ሚሚ የምትባል አላውቅም ልጄ። እዚህ ያለችው የልጅ ልጄ ናት።»