ይድረስ ለማጠቢያ ማሽኔ መመሪያ ጸሐፊ

ለተከበሩ የመመሪያው ደራሲ፣ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ልጆቼ ደብረ ማርቆስ ላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው ማሽኑ ነው። አጥቦ ሊጨምቅ ሲነሣ ዷ! ዷ! ዷ! እያለ ከግድግዳው ተላቆ ወደ በሩ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን መጥታ «ምነው፣ ቤት እያፈረሳችሁ ነው?» ብላናለች።

መጽሐፍዎን አንብቤዋለሁ። በስድስት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ከስድስቱ ውስጥ የለበትም፣ እሱን ይቅር ብያለሁ። ስለ ድምፅ የሰጡት ምክር ግን አንድ መስመር ብቻ ናት፦ ፈቃድ ያለውን የጥገና ማዕከል ይጥሩ። ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ መካከሉ ላይ ዓባይ በረሃ። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ጎሃ ጽዮንን ሽቅብ ለመውጣት ማሽኑ ጤነኛ መሆን አለበት፤ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

በአንድ ነገር አመሰግንዎታለሁ። ከበሮው በመንገድ እንዳይናጥ ከጀርባ የሚያስሩትን ረጃጅም ብሎኖች ቤት ሲደርስ ፍቱ ብለው በሥዕል አሳይተዋል። ፈትተናል፣ አስቀምጠናልም። ድምፁ ግን አልቀረም።

የሰፈር ጠጋኝ ጠራን። ማሽኑን ሳይነካ፣ በሩ ላይ እንደቆመ «ኩሽኔታው አልቋል» ብሎ የፋሲካ በግ የሚገዛ ገንዘብ ጠየቀ። እናቴ በወፍጮ ፈጭታ ያደገች ናት፤ ድንጋዩ መወቀር ሲፈልግ ከድምፁ ታውቃለች። «እስቲ ባዶውን በእጅህ አዙረው» አለችኝ። ከመብራት ነቅዬ አዞርኩት። ያለቀ ኩሽኔታ ከበሮው ባዶም ሆኖ ግርርር ያሰኘዋል፤ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡትም ይነቃነቃል። የእኛው ጸጥ ብሎ ዞረ። በጉ ተረፈ።

ኩሽኔታ ቢሆንማ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ጎኑ ላይ 6205 የተጻፈበት ኩሽኔታ ቶኪዮም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ቁጥሩን ብጠራ ባለሱቁ ይገባዋል። ኩሽኔታ ሠሪዎች ዓለም የሚግባባበትን ቋንቋ ሲያገኙ እርስዎን ምን ያዘዎ?

ቀጥለን ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታን። ውስጡ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲሚንቶ! በውጭ ምንዛሪ የተገዛ፣ ባሕር የተሻገረ ኮንክሪት። ለኮንክሪት ከሆነ ደጀን የኖራ ድንጋይ መች አነሰን? ኋላ እንደገባኝ ኮንክሪቱ ገንዳው በጭመቃ ጊዜ እንዳይዘል የሚይዘው ሸክም ነው፤ አንዱ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። አጠበቅነው፣ ዷታው ቀነሰ። ከታች ካለችው የማጣሪያ በር ደግሞ ባለ አንድ ብር ሳንቲምና የማተብ ክር ወጡ፤ ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ሳንቲሙ ነው። ወለሉም ሊሾ ነው፣ ውኃ እንዲወርድ ወደ ጓሮ አዘንብሎ የተሠራ። ውኃ ልክ ከግንበኛ ተውሰን የማሽኑን እግሮች አስተካከልንና ዳዷቸውን አጠበቅን።

ማሽኑ በልጆቹ ልብስ ዝም አለ። በማግስቱ የአባቴን ጋቢ አስገባን፤ ዷ!

ይኸውልዎ፣ የጻፍኩልዎ ለዚህ ነው። ማዞሪያው ላይ 14 ዓይነት አስተጣጠብ ተደርድሯል፦ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ጂንስ፣ የስፖርት ልብስ፣ የሕፃን ልብስ። ጋቢ የለም። ጋቢ፣ ክቡር ሆይ፣ አራት ድርብ የጥጥ ልብስ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት፣ ለጌጥ የሚለበስ አይደለም። ደረቁን ትከሻ ላይ ጣል ያደርጉታል፤ ውኃ የጠጣ ለት ግን ሁለት ሰው ይዞ ይጠመዝዘዋል። ማሽን ውስጥ ሲርስ ተጠቅልሎ ከአንድ ጎን ይጣበቃል። ከበሮው በደቂቃ 1200 ጊዜ ቢዞር፣ ወደ አንድ ጎን ያደላ አንድ ኪሎ የሚስበው 4 ኩንታል ጤፍ በሚመዝነው ልክ ነው። (ልጄ ናት የከበሮውን ስፋት ግማሽ ሜትር ይዛ በፊዚክስ ደብተሯ ያሰላችው።) እዚያ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ማሽኑ ራሱ ፈርቶ መቀነሱ ደግ ነው እንጂ ግድግዳውን ይዞት ይሄድ ነበር።

መድኃኒቱን እኛው አገኘነው። ጋቢ ብቻውን አይገባም። ሁለት ፎጣና ጥቂት ሹራብ ያጅቡታል፤ ጭመቃውም 600 ላይ ይቆማል። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃዎት ነበር።

ለዚያም ቆሞ ማየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቆመው ተመለከቱ፤ አረፋው በወረደበት የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ከዚያች ምልከታ ዓለም ያወቀው ምርምር ወጣ። እርስዎም እዚህ እኛ ጋ ጨሞጋ ወንዝ ዳር አንድ ጠዋት ቢቀመጡ የማንንም በሽታ ይፈውሱ ነበር አልልም፤ ጋቢን ግን ያዩት ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም «ጋቢ» የምትል ቃል ይጨምሩልን። ቦታ ከጠበበዎ «ሐር» የሚለውን ያውጡት፤ በሰፈራችን ሐር የሚያጥብ አላየሁም።

አክባሪዎ፣
ባለ ማሽኑ፣ ከደብረ ማርቆስ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። የማሽኑ በር እንደተቆለፈ ነው፤ ጋቢው ውስጥ አለ።