ከወረቀቱ ላይ የሸሸው ነጥብ

የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ነበር። አንዱ ልጅ 35 ብሎ የጻፈውን 3.5 መስሎኝ በቀይ ሰረዝኩበት። በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ ነጥቡ የታለ?» አለኝ። የለም። አሁን ነጥቡ ያለው ከስሙ አጠገብ ነው። በጣቴ ልጠርገው ስል ወደ ህዳጉ ሸሸ፤ ዓይኔን ባዞርኩበት ይከተለኛል፣ ቆም ስል ዝግ ብሎ ቁልቁል ይሰምጣል። ማርኩን መልሼ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ማታ መብራት ሳጠፋ በግራ ዓይኔ ዳር ብልጭ አለ። «ሊዘንብ ነው እንዴ?» ብል ባለቤቴ፣ «ሰማዩ ጥርት ብሎ የለም ወይ?» አለችኝ። ቢያመኝ ኖሮ በዚያው ሌሊት እሄድ ነበር። ስላላመመኝ ሰፈራችን ካለ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ፤ «አለርጂ ነው» ተብዬ ጠብታ ገዛሁ። ሦስት ቀን አንጠባጠብኩ። በአራተኛው ቀን ዓይኔ ውስጥ ጥቀርሻ የተበተነ መሰለኝ።

የዓይን ሐኪሟ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራልኝ ውስጡን በብርሃን ስትፈትሽ ቆየች። እንዳስረዳችኝ፣ የዓይናችንን ውስጥ የሞላው እንደተነከረ ተልባ ያለ ዝልግልግ ነገር ነው፤ 99 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ በቀረው ውስጥ ስስ ክሮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ከ50 በኋላ፣ ዝልግልጉ ይቀጥናል፣ ክሮቹም ይቋጠራሉ። ወረቀቱ ላይ ያየሁት የቋጠሮውን ጥላ ነው። እንደኔ ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው ላይ ቀደም ብሎ ይመጣል። ብልጭታውስ? ዝልግልጉ ከኋላ፣ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን ከሬቲና ሲላቀቅ ይጎትተዋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አያውቅም፤ ሲጎትቱትም የሚያውቀው ብርሃንን ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጣራ ከርሞ ነበራ!

አብዛኛው ሰው ላይ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የእኔ ሬቲና ግን ትንሽ ተቀዷል፤ ጥቀርሻ የመሰለኝም ደም ነበር። ፈሳሽ በቀዳዳው ሾልኮ ሬቲናውን ሳይልጠው፣ በዚያው ቀን ዙሪያውን በሌዘር ከለሉልኝ። ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ልጄ እጄን ይዛ አስፋልቱን አሻገረችኝ።

ነጥቡ ዛሬም ነጭ ግድግዳ ሳይ ብቅ ይላል፤ ለምጄዋለሁ። እናንተ ግን ነጥቡ ድንገት ከበዛባችሁ፣ ብልጭታ ከታከለበት፣ ወይም ከዳር በኩል መጋረጃ የወረደ ከመሰላችሁ፣ ባያማችሁም በዚያው ቀን ብሌን አስፍቶ የሚያይ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።